የልጄ ክብደትና የእኔ ማንጎ

ጉረኛ መሆኔን ከሰው ከምትሰሙ ከራሴው ብትሰሙት ይሻላል። ደግሞም ጉራዬ ብዙ ዓይነት አይደለም፤ ሁለት ብቻ ነው።

አንደኛው፣ የትኛውንም ነገር በጉዳትና በጥቅም መዝኜ ቁርጥ ያለ ውሳኔ መስጠት እችላለሁ የሚለው ነው። ሥራዬ ነዋ! እዚህ ሀዋሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፍዬ፣ በግራ «ጉዳት»፣ በቀኝ «ጥቅም» ብዬ ጽፌ ያልመዘንኩት ነገር የለም። ግድብ መዝኛለሁ፤ አስፋልት መዝኛለሁ፤ ታቦር ሰፈር ካለው ቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ በባጃጅ ከመሄድና በእግር ከመሄድ የትኛው እንደሚያዋጣም መዝኛለሁ። በእግር መሄድ በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። እኔ ግን በባጃጅ ነው የምሄደው።

ሁለተኛው ጉራዬ ልጄ ቤዛ ስትወለድ የነበራት ክብደት ነው። አራት ኪሎ ከሰባት መቶ! እባካችሁ ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትለፉት። አዋላጇ ሚዛኑ የተበላሸ መስሏት ሁለት ጊዜ ነው የመዘነቻት። ነርሶች ከሌላ ክፍል እየመጡ አዩዋት። አንዷማ «ይቺ ልጅ ቤቷ የምትሄደው በእግሯ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ትርሲት ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አንድ ቀን ሙሉ አምጣ ነው የወለደቻት። እኔ ኮሪደር ላይ ከመቆም በቀር ምንም ያደረግኩት ነገር ባይኖርም፣ ነገሩን ሙሉ በሙሉ የራሴ ሥራ አድርጌ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልነገርኩት ሰው የለም። ለባጃጅ ሹፌር ነግሬያለሁ። ለቅሶ ቤት ነግሬያለሁ። አንድ ጊዜ የትምህርት ክፍላችን ስለ ወረቀት እጥረት ሲወያይ፣ እንዴት እንደተነሳ ዛሬም አላውቅም፣ የቤዛ ኪሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ተገኝቷል። ቤዛ አሁን ሌላ ከተማ የምትማር ቀጭን ልጅ ናት። ስልክ ደውላ ስንሰነባበት የመጨረሻ ቃሏ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አባዬ፣ በናትህ ኪሎዬን ለሰው አታውራ።»

እሺ እላለሁ። ከዚያ አወራለሁ።

የዛሬው ነገር የጀመረው ግን በጉራ ሳይሆን በሐዘን ነው። የትርሲት ታላቅ እህት እትዬ አስናቀች ይርጋዓለም ነው የሚኖሩት። ባለፈው ዓመት አዲስ ጫማ ትንሿን የእግር ጣታቸውን ላጣቸው። ዛሬ ይድናል፣ ነገ ይድናል ሲሉ ቁስሉ እምቢ አለ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ስኳር እንዳለባቸው፣ ያውም ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ አብሯቸው እንደኖረ ተነገራቸው። እግራቸው ተቆረጠ። ጠይቀናቸው በሚኒባስ ተመለስን። ሀዋሳ ልንገባ ስንል ትርሲት ድንገት ዞረችና፣

«ተመርመር» አለችኝ።

«ማን? እኔ?»

«ሃምሳ ዓመት ሞላህ። ቦርጭ አለህ። እግር እያለህ በባጃጅ ትሄዳለህ። አንተም እንደሷ ስትሆን ማየት አልችልም።»

«ስኳር በዘር ይሄዳል ነው የሚባለው» አልኳት፣ የመምህር ድምፄን አውጥቼ። «እትዬ አስናቀች ደግሞ የአንቺ እህት እንጂ የእኔ እህት አይደሉም።»

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ቀኑን ሙሉ ስራወጥ እየዋልኩ!»

እውነቷን ነው አልኩ በሆዴ። ትርሲት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ከሱቅ ቤት፣ ከቤት እድር፣ ከእድር ሱቅ ስትል ነው የምትውለው። ራሷን አሟት እንኳ ተኝታ አታውቅም። ስለዚህ ሁለታችንም የእሷን ነገር እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ዘጋነው። የእኔ ግን አልተዘጋም። ምሳ ስንበላ «ተመርመር»፣ ጫማዬን ሳስር «ተመርመር»፣ ዜና ስንሰማ «ተመርመር»።

እኔም ነገሩን በሙያዬ ልገላገለው ወሰንኩ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያለውን ነጭ ሰሌዳ ለሁለት ከፈልኩና ላልታመመ ሰው የስኳር ምርመራ ማድረግን መዘንኩት። በጉዳት በኩል ጣት ይወጋል፤ ሰልፍ አለ፤ ሳይኖርብህ አለብህ ብለው ያስደነግጡሃል፤ ካለብህ ደግሞ ቀድመው ያስደነግጡሃል፤ ሰፈርተኛው «ስኳራም» የሚል ስም ይለጥፍብሃል፤ ሚስትህ ሳህንህን መቆጣጠር ትጀምራለች፤ ከልደት ኬክ ትለያያለህ። ሰባት ሞሉ። በጥቅም በኩል ምንም አልጻፍኩም።

እዚያ ከነበሩት ውስጥ ዳንጊሶ የሚባል የሒሳብ መምህር አለ። ጎረቤቴም ነው። የሲዳማ ልጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ በቀን ከአሥር ዐረፍተ ነገር በላይ አይናገርም። ተነሥቶ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደና በጥቅም በኩል በትንንሽ ፊደል «ቀድሞ ማወቅ» ብሎ ጻፈ።

«ይኸው ነው?» አልኩት።

«ይበቃል» አለ። «አንተ መቼም በሽታ ሲመጣ ደብዳቤ ጽፎ የሚመጣ ነው የሚመስልህ።»

«ሰባት ለአንድ ነው፣ ዳንጊሶ!»

«እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሰባትና አንድ ሁልጊዜ ቁጥራቸው ብቻ አይታይም፤ ምን ያህል እንደሚመዝኑም ይታያል» አለና ሻዩን ጠጣ። የዕለቱን ዐረፍተ ነገር ጨርሶ ስለነበር አልመለሰልኝም።

በማግስቱ ዓርብ ነው። እንዳጋጣሚ የጤና ተማሪዎች ግቢው በር ላይ ድንኳን ተክለው በነፃ ስኳር ይለካሉ። እኔ ደግሞ ቢሮዬ ውስጥ ሁለት የአርባ ምንጭ ማንጎ በልቼ መውጣቴ ነበር። ማንጎ አበላሌን ልንገራችሁ፣ ለነገሩ ስለሚያስፈልግ። በቢላ አልቆርጥም። በሁለት እጄ አሽቼ አሽቼ አለሰልሰውና ጫፉን በጥርሴ ነክሼ እመጠዋለሁ፤ ከዚያ ልጣጩን ገልብጬ ፍሬውን እግጠዋለሁ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ይወርዳል። ሳበቃ እጄን በመሐረብ እጠርጋለሁ። በዕለቱ ውሃ ጠፍቶ ነበር፤ ባይጠፋም እኔ መሐረብ ነው የምጠቀመው።

ዳንጊሶ ሰልፉ ላይ ቆሟል። አየኝና ምንም ሳይናገር በአገጩ ወደ ድንኳኑ ጠቆመኝ። በዙሪያው የእኔው ተማሪዎች አሉ፤ ሐሙስ ዕለት ስለ ሰሌዳው የሰሙም አሉ። ጉረኛ ሰው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ዝም ብሎ አያልፍም።

«እንግዲያው ያልታመመ ሰው መመርመር ከንቱ መሆኑን በተግባር ላሳያችሁ!» አልኩና ሰልፉን አልፌ ገባሁ። መምህር ስለሆንኩ አሳለፉኝ።

ነጭ ጋወን የለበሰች ተማሪ ወንበር ሰጠችኝ። «መምህር፣ ምግብ በልተዋል?» አለችኝ።

«አልበላሁም።» አልዋሸሁም። ማንጎን ምግብ ብሎ የሚቆጥር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጣቴን በአልኮል ዳበስ አደረገችና ወጋችው። እኔ ወደ ሕዝቡ ዞሬ ስለ ሀገር ሀብት አጠቃቀም መናገር ቀጠልኩ። ድምፄ ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር። መሐል ላይ ልጅቱ ዝም ማለቷን አስተዋልኩና ወደ መለኪያው አየሁ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ይላል።

«ይህ ምንድነው? የመለኪያው ተራ ቁጥር ነው?»

«አይደለም፣ መምህር፣ ስኳርዎ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ግን አይደንግጡ፤ እባክዎ እጅዎን በውሃና በሳሙና...»

የቀረውን አልሰማሁም። እትዬ አስናቀች አልጋ ላይ ያኔ ያየሁት፣ በአንዱ እግር በኩል ገባ ያለ ብርድ ልብስ ነው ዐይኔ ላይ የመጣው። ተነሥቼ ወጣሁ። ተማሪዎቼ መንገድ ለቀቁልኝ። ዳንጊሶ ከኋላዬ «መምህር! ልጅቷ አልጨረሰችም!» ሲል ይሰማኛል። እኔ ግን ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ነበር።

እንደ ወንድ ልደብቀው አስቤ ነበር። ትርሲት በር ስትከፍትልኝ ግን መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ሦስት መቶ አሥራ ስምንት» ነው። ትርሲት አላለቀሰችም። የምታለቅስ ሴት አይደለችም። በቀጥታ ጓዳ ገባችና ጣፋጭ የሚባለውን ሁሉ አወጣች። ሁለት ኪሎ ስኳር በሰማያዊ ፌስታል፣ ማርማላታ፣ ብስኩት፣ ለቤዛ ያስቀመጥነው ከረሜላ። ሁሉንም ሰብስባ ለጎረቤታችን ለእትዬ ብርቄ ሰጠቻቸው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው። እትዬ ብርቄ ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ከአንድ ቤት ሁለት ኪሎ ስኳር በነፃ ሲወጣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ አያድሩም። ትርሲትም መዋሸት አትችልም። የደወልንለት ክሊኒክ ለሰኞ ጠዋት ነው የቀጠረን፤ ታቦር ግን ቅዳሜ ጠዋት ሁሉን ሰምቶ ጨርሷል።

የእኛን ሀገር ሕመምተኛ አጠያየቅ ታውቃላችሁ። ባዶ እጅ አይኬድም። ለታመመ ሰው የሚሄደው ደግሞ የታወቀ ነው፤ በሽታው ተቅማጥ ይሁን የእግር ስብራት አይለይም። ከሁሉ ቀድመው የመጡት እትዬ ብርቄ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ «እግዜር ይማርህ፣ መምህርዬ» አሉ፣ ከዚያም ከነጠላቸው ሥር ሰማያዊ ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የእኛው ሁለት ኪሎ ስኳር ነው። ቋጠሮውን እንኳ አልፈቱትም።

ቀጥሎ የትምህርት ክፍላችን ባልደረቦች መጡ። አንድ ሳጥን ሙሉ ለስላሳ በሁለት ሰው አሸክመው፣ ኬክ ደግሞ አስጋግረው። ኬኩ ላይ በነጭ ክሬም «ምሕረቱን ያምጣልህ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሙዝ የያዘ መጣ። ብርቱካን የያዘ መጣ። ዳንጊሶ ከቤተ ክርስቲያኑ ስድስት ሰው አስከትሎ መጣና አንድ ቆርቆሮ ማር አስቀመጠልኝ።

«ዳንጊሶ፣ ስኳር አለብህ ተብዬ ማር?»

«ስኳር ስለተከለከልክ ነው ማር ያመጣሁልህ» አለ በሙሉ እምነት። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው ይህን የሚለው።

ከዚያ ቆመው ጸለዩልኝ። አንዲት ድምፀ ጎርናና እናት እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ስኳር ከደሙ ውስጥ ለቅመህ አውጣ!» አሉ። እኔ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። በዚያ ቀን ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «አሜን!» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከስጦታው የባሰ ያሳቀቀኝ ግን ዐይናቸው ነው። የመጣ ሰው ሁሉ «ሰላም ነህ?» ይልና ወንበር ላይ ሳይደላደል እግሬን ያያል። ተራ በተራ፣ ፈጠን አድርገው፣ ያላየሁ እየመሰላቸው። ካልሲ አደረግኩ። ካልሲውን አዩት። ጫማ ጨመርኩበት። «ጫማ ያጠብቅሃል፣ አውልቀው» አሉኝ። አንዱ ሽፈራው ቅጠል ቀቅለህ ጠጣ ይላል፣ አንዱ ግራዋ ይሻላል ይላል፣ ሌላው ደግሞ «አጎቴ ልክ እንዳንተ ደህና ሰው ነበር» ብሎ ይጀምርና መጨረሻውን ሳይነግረኝ ዝም ይላል።

ትርሲት ያን ቅዳሜና እሑድ አልተቀመጠችም። ለስላሳ ትከፍታለች፣ ኬክ ትቆርጣለች፣ ወንበር ከጎረቤት ታመጣለች። እንግዳ ሲወጣ በየጠርሙሱ የቀረውን ለስላሳ ትጨርሰዋለች። ለእኔ ክልክል ነው፤ መድፋት ደግሞ አትወድም። «ምሕረቱን ያምጣልህ» የሚለውንም ኬክ ከ«ምሕረቱን» ጀምራ እሷው ናት የጨረሰችው። እኔ ከሶፋዬ ሆኜ ሳያት ደከም ያለች መሰለኝ። ግን የታመምኩት እኔ ስለነበርኩ ስለ እሷ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

ፈርቼ ነበር። ይህን በግልጽ ልናገር። ጠዋት ስነሣ የመጀመሪያ ሥራዬ የእግር ጣቶቼን መቁጠር ሆነ። አሥር መሆናቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ ነበር የምታጠበው።

ሰኞ ጠዋት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ክሊኒክ ሄድን። ምግብ ሳልቀምስ እንድመጣ ስለተነገረኝ ከእሑድ እራት በኋላ ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት። ሲስተር መሠረት የምትባል ነርስ ተቀበለችን። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይሆናል፤ አነጋገሯ ቁጥብ ነው። ከሁሉ በፊት ወደ ቧንቧው ጠቆመችኝ።

«እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ።»

ታጠብኩ። ጣቴን ወጋችኝ፣ ከክንዴም ደም ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ ትርሲት ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲስተር ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች።

«ዘጠና አንድ» አለች። «የጣቱም የክንዱም ተቀራራቢ ነው። ስኳር የለብዎትም።»

«አይሆንም!» አልኩ። ሰው እንዴት ያለ ፍጥረት ነው! ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ልባል ስጸልይ ቆይቼ፣ ሲባልልኝ ተከራከርኩ። «ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ነበር! የጸሎት ቡድን መጥቶልኛል!»

«ዓርብ ዕለት ከመለካትዎ በፊት ምን በእጅዎ ነክተው ነበር?»

«ምንም። ማንጎ ብቻ።»

ሲስተር መሠረት ሳቋን ለመያዝ ወረቀቱን አፏ ላይ አደረገች። «የተለካው ማንጎው ነበራ! የፍራፍሬ ጭማቂ ጣት ላይ ከቀረ አልኮሉ ሁልጊዜ አያጠራውም፤ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል። የለካችዎ ልጅ ታጥበው እንዲመለሱ አልነገረችዎትም?»

ነግራኛለች። «እጅዎን በውሃና በሳሙና...» ስትል ነው ጥያት የሄድኩት። ትርሲት ዞራ አየችኝ። በትዳር ዘመናችን በብዙ ዓይነት ዐይን አይታኛለች፤ ይህኛው አዲስ ነበር።

እኔ ግን ወዲያው ዳንኩ። ጉራዬ ከሄደበት በአንድ ጊዜ ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ዘና ብዬ እግሬን ዘረጋሁ፣ ጫማዬንም አወለቅኩ።

«ይኸውልዎ ሲስተር» አልኳት፣ «እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌው ነበር። ጉዳት፣ ቁጥር ሦስት፤ ሳይኖርብህ አለብህ ብለው ያስደነግጡሃል! ደግሞ እኛ ቤት በሽታ የሚባል ነገር የለም። ጤና በጤና ነን። ልጃችን ስትወለድ ስንት ኪሎ እንደነበረች ያውቃሉ?»

«እባክህ የቤዛ አባት፣ እንሂድ» አለች ትርሲት።

«አራት ኪሎ ከሰባት መቶ!»

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ኧረ!» ይላል። ሲስተር መሠረት «ኧረ!» አላለችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔንም አላየችኝም። ትርሲትን ነው ያየቻት።

«እርስዎ ነዎት የወለዷት?»

«አዎ» አለች ትርሲት።

«ከዚያ በኋላ ስኳርዎን ተለክተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ኧረ እኔ ደህና ነኝ። የመጣሁት እሱን ላደርስ ነው።»

«በቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?»

ሚኒባሱ ውስጥ ያልኩት ነገር በሙሉ፣ ከነመምህር ድምፄ፣ ጆሮዬ ላይ መጣ።

«እህቴ» አለች ትርሲት። «የእናቴ ልጅ። ባለፈው ዓመት እግሯን ተቆርጣለች።»

«ቁርስ በልተዋል?»

«አልበላሁም። እሱ ሳይበላ እኔ ብቻዬን እንዴት እበላለሁ?»

ይህ ትርሲት የኖረችበት ልማድ ነው፤ እናቷም እንደዚያው ነበሩ። ስለዚህ ባለቤቴ እሑድ ማታ ከእኔ ጋር እራቷን በልታ፣ እኔ ስለተከለከልኩ ብቻ ሰኞ ጠዋት ሳትቀምስ፣ ለደም ምርመራ እንደሚገባው ተዘጋጅታ መጥታለች። ማንም ሳያዛት እጇን ታጥባ ተቀመጠች።

አንድ መቶ አርባ ስምንት ሆነ። ማክሰኞ ደግመው ከክንዷ ወሰዱ፤ አንድ መቶ አርባ ሦስት። ሳይበሉ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ከመቶ ሃያ አምስት ከበለጠ ስኳር አለ ማለት ነው ተባልን።

ሲስተር መሠረት ቀስ ብላ አስረዳችን። ሕፃን ከመጠን በላይ ገዝፎ ሲወለድ ሁልጊዜ ባይሆንም አንዳንድ ጊዜ የእናቲቱ ስኳር በእርግዝናው ወቅት ከፍ ብሎ እንደነበር ምልክት ነው፤ እንደነዚህ ዓይነት እናቶች በየጊዜው ሊለኩ ይገባል። እህት ካለባትማ ይልቁንም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየባጃጁ፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየስብሰባው ስለፍፍ የኖርኩት ለካ የሚስቴን የሕመም ምልክት ነው። ከሰሙኝ ሰዎች መሐል ቁጥሩን ሰምታ ወደ እናቲቱ የዞረች የመጀመሪያዋ ሰው ሲስተር መሠረት ናት። እኔ አባትየው አንድም ቀን አልዞርኩም። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ትርሲት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«እግሬስ?»

ሲስተር መሠረት ጫማዋን አስወለቀቻትና አልጋው ላይ አስተኛቻት። «ዐይንዎን ይጨፍኑ። ሲሰማዎት ይንገሩኝ» አለቻት፤ ከዚያ ቀጭን የላስቲክ ክር የመሰለ ነገር አውጥታ የእግሯን አውራ ጣት ነካ አደረገች።

«ተሰማኝ።»

ትንሿን ጣት ነካች። እትዬ አስናቀች የተላጠባቸውን ያቺን ጣት።

«ተሰማኝ።»

ውስጥ እግሯን ስትነካት ትርሲት ሳቀች። መኮርኮር አትችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አትችልም። እየሳቀች እግሯን ሰበሰበች፣ ሲስተርም አብራት ሳቀች፣ ሌላውንም እግር ያዘች፣ ትርሲት «ኧረ በቃኝ! ኧረ ተሰማኝ አልኩ!» እያለች ጮኸች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ አለቀስኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ዐይኗም ኩላሊቷም ታየ፤ ደህና ነው። «ገና ምንም አልነካም፤ በጊዜ ነው የመጣችሁት» ተባልን። አንድ እንክብል ታዘዘላት፣ የምግብ ምክር ተሰጣት፣ በየቀኑ በእግሯ እንድትሄድ ተነገራት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከታቦር ወርደን እስከ ሐይቁ ዳር በእግራችን እንሄዳለን። እሷ ትፈጥናለች፤ ኋላ የምቀረው እኔ ነኝ። ባጃጆቹ ያውቁኛልና እያንዳንዳቸው አጠገቤ ቀስ ይላሉ። ትርሲት ዞር ብላ ስታያቸው ነድተው ይሄዳሉ።

ሕመሟን ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቃኝ ነበር። ዝም አልኩ፤ እኔ ሳልሆን ራሷ ናት ያልቻለችው። እትዬ ብርቄ ያን ሰማያዊ ፌስታል ለሁለተኛ ጊዜ ተሸክመው ሲመጡ ትርሲት በር ላይ አስቆመቻቸው።

«እትዬ ብርቄ፣ የእርስዎ ልጆች ሲወለዱ ስንት ኪሎ ነበሩ?»

«የመጨረሻው እንኳ አራት ተኩል ነበር፣ እሰይ የኔ አንበሳ!» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ኮራ ብለው። ለካ ታቦር ውስጥ በዚህ የምንጎርር ሁለት ነን።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ቁርስ እንዳይበሉ» አለቻቸው። በማግስቱ ይዛቸው ሄደች። የእሳቸው ደህና ሆነ፤ «በከንቱ አስራብሽኝ» ብለው ሁለት ቀን አኮረፏት። ከዚያ በየዓመቱ እንደሚለኩ ቃል ገቡላት።

ሰሌዳውን ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ እንደጻፍኩት አገኘሁት። ላጠፋው እስክሪብቶና ጨርቅ ይዤ ቆምኩ። ግን ምኑን ላጥፋው? ጣት ይወጋል፤ ተወግቻለሁ። ሳይኖር ያስደነግጣል፤ ጣቶቼን ስቆጥር ሦስት ቀን ከርሜያለሁ። ሰባቱም እውነት ናቸው። ዳንጊሶ ከጠረጴዛው ሆኖ ሻዩን እየጠጣ ያየኛል። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር «ቀድሞ ማወቅ» የሚለውን ትንንሽ ፊደል በትልቁ ደግሞ መጻፍ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ።

ትናንት ቤዛ ደወለች። እናቷ ሁሉን ነግራታለች፤ እሷም አንድ ቀን መለካት እንዳለባት ጭምር። ብዙ አወራን፤ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ልንሰነባበት ስንል ያቺን የተለመደች ቃሏን ጠበቅኩ። እሷ ግን፣

«አባዬ» አለችኝ፣ «ከአሁን በኋላ ኪሎዬን ለፈለግከው ሰው ንገር።»

ይኸው ነገርኳችሁ። አራት ኪሎ ከሰባት መቶ።